ቺካጎን ማን ቆረቆራት? የአንድ የሽያጭ ውል ምስክርነትና የከተማ ልደት አቆጣጠር

መግቢያ

በቺካጎ ከተማ እምብርት፣ የሚሺጋን ጎዳና የቺካጎን ወንዝ በሚሻገርበት ስፍራ፣ በ1920 የተከፈተ ባለ ሁለት ደርብ ድልድይ ይገኛል። በድልድዩ አራት ማዕዘናት በቆሙት ማማዎች ላይ ከ1928 ጀምሮ አራት የድንጋይ ቅርጾች ይታያሉ። አንደኛው ቅርጽ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አካባቢው የዘለቁትን የፈረንሳይ አሳሾች ያሳያል፤ ሁለተኛው ጆን ኪንዚ የተባለውን ነጋዴ የሰፋሪዎች ፊታውራሪ አድርጎ ያቀርባል፤ ሦስተኛው በ1812 የፎርት ዲርቦርን ምሽግ ወታደሮች ያደረጉትን ውጊያ ይዘክራል፤ አራተኛው ከተማዋ በ1871 ከደረሰባት ታላቅ ቃጠሎ በኋላ ዳግም መገንባቷን ያወሳል። ድልድዩ ግን ከ2010 ወዲህ የሚጠራው ከአራቱ ቅርጾች በአንዱም ባልተወከለ ሰው ስም ነው። ይህ ሰው ዣን ባቲስት ፖይንት ዱ ሳብል የተባለ ጥቁር ነጋዴና ገበሬ ነው።

በድንጋዩና በስሙ መካከል ያለው አለመጣጣም ተራ የአሰያየም ጉዳይ አይደለም። ድንጋዩ የከተማዋን ልደት ከምሽጉና ከኪንዚ ጋር ያያይዘዋል፤ ስሙ ደግሞ ምሽጉ ከመታነጹ በፊት በወንዙ ዳር ቤት ሠርቶ ወደነበረ ቤተሰብ ይወስደዋል። ሁለቱ ትረካዎች ጎን ለጎን ቢቆሙም አንድ ላይ እውነት ሊሆኑ አይችሉም። የከተማ ልደት ከየት ይቆጠራል የሚለው ጥያቄ፣ የከተማዋ ባለቤት ማን ነው፣ እንግዳዋስ ማን ነው የሚለውን ጥያቄ በውስጡ ይዟልና መልሱ በዛሬው ነዋሪ ላይም ያርፋል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛ፣ የቺካጎ ታሪክ በሰነድ ይመዘን ከተባለ፣ የልደቷ መነሻ ምሽጉ ሳይሆን የዱ ሳብል ቤት ነው፤ ለዚህም የ1800ው የሽያጭ ውል በቂ ማስረጃ ነው። ሁለተኛ፣ የኪንዚን ስም በዱ ሳብል ስም መተካት ብቻውን የቀድሞውን ስሕተት አያርምም፤ አንድን ሰው ብቻ ከፍ አድርጎ ዙሪያውን የሚያጨልም አተራረክ አልተለወጠምና። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

በመዝገብ የሰፈሩ ልደቶች

የቺካጎን የጥንት ታሪክ የሚዘረዝሩ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ በተመሳሳይ ዓመታት ላይ ያርፋሉ። የመጀመሪያው 1673 ነው፤ ሉዊ ጆልዬ እና ዣክ ማርኬት የተባለው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በስፍራው ያለፉበት ዓመት ነው። ከዚያ በ1795 የተፈረመው የግሪንቪል ውል ይከተላል፤ በዚህ ውል ነባር ሕዝቦች በቺካጎ ወንዝ አፍ ላይ ስድስት ማይል በስድስት ማይል የሆነ መሬት ለአሜሪካ መንግሥት ለቀቁ። በ1803 ካፒቴን ጆን ዊስለር ከወታደሮቹ ጋር ደርሶ በወንዙ ደቡባዊ ዳር ፎርት ዲርቦርንን ማነጽ ጀመረ። ምሽጉ ስሙን ያገኘው በወቅቱ የጦር ሚኒስትር ከነበረው ከሄንሪ ዲርቦርን ነው።

ቀጣዮቹ ምዕራፎች አስተዳደራዊ ናቸው። ነሐሴ 4 ቀን 1830 ጄምስ ቶምፕሰን የተባለ ቀያሽ የከተማዋን የመጀመሪያ ፕላን ለመርከብ ቦይ ኮሚሽነሮች አስረከበ። በነሐሴ 1833 ጥቂት መቶ ነዋሪዎች የነበሯት ቺካጎ በአነስተኛ ከተማነት ታወቀች፤ መጋቢት 4 ቀን 1837 ደግሞ የከተማ ቻርተር አግኝታ ዊልያም ኦግደንን የመጀመሪያ ከንቲባዋ አድርጋ መረጠች። ኦግደን ከኒው ዮርክ ወደ ቺካጎ የመጣው በ1835 ነበር፤ ከተማዋን መምራት በጀመረበት ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ የኖረባት ሰው ነበር ማለት ነው።

የእነዚህ ዓመታት እውነተኛነት አያጠያይቅም። ጥያቄው ምን ያመሳስላቸዋል የሚል ነው። ከአሳሾቹ ጉዞ በስተቀር ሁሉም የመንግሥት እጅ ያረፈባቸው ናቸው፤ ውል፣ ምሽግ፣ ፕላን፣ ቻርተር። መንግሥት መዝገብ ያዥ ስለሆነ፣ መዝገቡ የተከፈተበትን ቀን ነገሩ የተጀመረበት ቀን አድርጎ የመቁጠር ልማድ ሥር ሰድዷል። የከተማዋ ሰንደቅ ዓላማ ይህን ልማድ በግልጽ ያሳያል። በሰንደቁ ላይ አራት ቀያይ ኮከቦች አሉ፤ አንዱ የ1871ን ቃጠሎ፣ ሁለቱ በ1893 እና በ1933 የተካሄዱትን ዓለም አቀፍ ትርዒቶች ይወክላሉ። በ1939 የተጨመረው አራተኛው ኮከብ የተሰጠው ለፎርት ዲርቦርን ነው። ከምሽጉ በፊት ለነበረው ዘመን ኮከብ አልተሰጠም።

ከምሽጉ ማዶ የነበረው ቤት

የቺካጎ መልክዓ ምድር አንድ ልዩ ጠባይ ነበረው። ወደ ሚሺጋን ሐይቅ የሚፈሰው የቺካጎ ወንዝና በመጨረሻ ወደ ሚሲሲፒ የሚቀላቀለው የዴ ፕሌን ወንዝ የሚለያዩት በዝቅተኛና ረግረጋማ የየብስ መተላለፊያ ነበር። መንገደኛ ታንኳውን ተሸክሞ ይህን መተላለፊያ ካቋረጠ፣ ከታላላቆቹ ሐይቆች ተነሥቶ እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በውኃ መጓዝ ይችል ነበር። ነባር ሕዝቦች ይህን መንገድ ከአውሮፓውያን መምጣት በፊት ያውቁት ነበር፤ የከተማዋ ስምም በማያሚና በኢሊኖይ ሕዝቦች ቋንቋ በአካባቢው በብዛት ይበቅል ከነበረ የዱር ሽንኩርት መጠሪያ የመጣ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ስፍራው የፖታዋቶሚ ሕዝብ ይዞታ ነበር።

ዱ ሳብል የኖረው በዚህ መተላለፊያ በር ላይ ነው። ስሙ በሰነድ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው በ1779 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት እንግሊዛውያን ለአሜሪካ አማፅያን ያደላል ብለው በመጠርጠር ከሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ይዘውት ነበር። በኋላ ግን ራሳቸው እንግሊዛውያን በሴንት ክሌር ወንዝ ዳር የነበረን አንድ ይዞታ እንዲያስተዳድር አመኑት። ከዚያ በ1780ዎቹ በቺካጎ ወንዝ ሰሜናዊ ዳር ኑሮውን መሠረተ። ባለቤቱ ኪቲሃዋ የፖታዋቶሚ ተወላጅ ነበረች። ሁለቱ በነባሩ ሕዝብ ሥርዓት አስቀድመው የተጋቡ መሆናቸው ይታመናል፤ በጥቅምት 1788 ደግሞ በካሆኪያ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን አጽንተዋል። ልጃቸው ሱዛን በ1790 አገባች፤ የሱዛን ልጅ ዩላሊ በ1796 ቺካጎ ውስጥ ተወለደች። ይህም የሆነው የምሽጉ የመጀመሪያ ግንድ ከመቆሙ ሰባት ዓመት በፊት ነው።

የዱ ሳብል ቤት የአዳኝ ጎጆ እንዳልነበረ የሚያሳዩ ማስረጃዎች አሉ። በ1790 የጸደይ ወራት ህዩ ሂዋርድ የተባለ ከዲትሮይት የመጣ ነጋዴ በስፍራው ሲያልፍ ከዱ ሳብል ዱቄት፣ ዳቦና የአሳማ ሥጋ ወስዶ በምትኩ ጨርቅ መስጠቱን በዕለት ማስታወሻው መዝግቧል። ዱቄትና ዳቦ ለመንገደኛ የሚያቀርብ ቤት የሚያርስ፣ የሚያጭድ፣ የሚፈጭና የሚጋግር ቤት ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ የሰው ጉልበት፣ ከብት፣ ከጎረቤት ሕዝብ ጋር ሰላምና የረጅም ጊዜ አሳብ ያስፈልጋል።

ዋነኛው ማስረጃ ግን ግንቦት 7 ቀን 1800 የተፈረመው የሽያጭ ውል ነው። በዚህ ውል ዱ ሳብል ንብረቱን ለዣን ላሊም በ6,000 ሊቭር ሸጠ። ዝርዝሩ ርዝመቱ 40 ጫማ፣ ወርዱ 22 ጫማ የሆነ የግንድ ቤት፣ ሁለት ጎተራዎች፣ በፈረስ የሚዞር ወፍጮ፣ የዳቦ መጋገሪያ ቤት፣ የወተት ቤት፣ የዶሮ ቤት እና ሥጋ የሚታጠንበት ቤት ያካትታል። በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ ጥሩ የቤት ዕቃዎችና ሥዕሎች እንደነበሩም ውሉ ያመለክታል። ከውሉ ምስክሮች አንዱ ጆን ኪንዚ ነበር። በድልድዩ ማማ ላይ ፋና ወጊ ተብሎ የተቀረጸው ሰው፣ ከእርሱ በፊት በስፍራው የተደራጀ ቤትና እርሻ እንደነበረ በገዛ ፊርማው መስክሯል ማለት ነው።

ቤቱ ባለቤቱን የለወጠበት መንገድ

ኪንዚ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቺካጎ የገባው በ1804 ነው፤ የገባውም ዱ ሳብል ወደ ሠራው ቤት ነው። ላሊም በ1812 ከኪንዚ ጋር በተነሣ ጠብ ሕይወቱ አለፈ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 15 ቀን የምሽጉ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው ስፍራውን ለቀው ሲወጡ የፖታዋቶሚ ተዋጊዎች ገጠሟቸው፤ ብዙዎች ሞቱ፣ ምሽጉም ተቃጠለ። የኪንዚ ቤተሰብ ከውጊያው ተርፎ፣ ምሽጉ በ1816 ዳግም ሲሠራ ወደ ቺካጎ ተመለሰ። ኪንዚ በ1828 አረፈ። ዱ ሳብል ግን በ1800 ሚዙሪ ውስጥ ወደምትገኘው ሴንት ቻርልስ ሄዶ፣ ነሐሴ 28 ቀን 1818 በዚያው ሞተ።

የኪንዚ ቤተሰብ ከዱ ሳብል ቤተሰብ የበለጠበት አንድ ነገር ነበር፤ ጸሐፊ አገኘ። የኪንዚ ልጅ ሚስት የነበረችው ጁልየት ኪንዚ በ1856 ያሳተመችው «ዋው ባን» የተሰኘ መጽሐፍ የአካባቢውን የጥንት ዘመን በአማቾቿ ቤት መስኮት የሚያሳይ ነው። መጽሐፉ ዱ ሳብልን ፈጽሞ አልዘነጋውም፤ ነገር ግን በጥቂት መስመሮች ጠቅሶት ያልፋል። ዋናው ታሪክ የሚጀምረው የኪንዚ ቤተሰብ ደጁን ሲረግጥ ነው። ከዚያ በኋላ በተጻፉ ብዙ የከተማዋ ታሪኮች ቤቱ «የኪንዚ ቤት» ተባለ፤ ኪንዚም «የቺካጎ አባት» የሚል ስም አተረፈ።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል በዚህ ታሪክ ላይ ሁለት ትርጉም አለው። የፖታዋቶሚ ትውስታ በቃል ስለተላለፈ በከተማዋ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላገኘም፤ የኪንዚ ቤተሰብ ትውስታ በመጽሐፍ ስለሰፈረ ተወረሰ። ነገር ግን ዱ ሳብልም ጽሑፍ አልጎደለውም። የጋብቻው፣ የሽያጩና የሂዋርድ ማስታወሻ ጽሑፎች ነበሩ። የጎደለው ጽሑፉን ፈልጎ ማንበብ የሚሻ ወራሽ ነበር። ስለዚህ መረሳት ሁልጊዜ ከሰነድ እጦት አይመጣም፤ አንዳንድ ጊዜ የሚመጣው ሰነዱን ለመፈለግ ካለመነሣት ነው።

የተረሳውን ስም የመለሱ እጆች

የሽያጩ ውል በዲትሮይት መዝገብ ቤት ውስጥ የተገኘው በ1913 ነው፤ የታሪክ ምሁሩ ማይሎ ኩዌይፍም በኋላ ባሳተመው ሥራ ለአንባቢ አስተዋወቀው። ሆኖም ስሙን ወደ አደባባይ ያወጣው የምሁራን ሥራ ብቻ አልነበረም። ከተማዋ በ1933 የመቶኛ ዓመቷን ትርዒት ስታዘጋጅ፣ በአኒ ኦሊቨር የተመሩ የቺካጎ ጥቁር ሴቶች ገንዘብ አሰባስበውና ባለሥልጣናትን ተማጽነው የዱ ሳብል ቤት አምሳያ በትርዒቱ እንዲቆም አደረጉ። በ1936 አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስሙ ተሰየመ። ማርጋሬት ቡሮውስ ከባለቤቷ ከቻርልስ ጋር በ1961 በመኖሪያ ቤታቸው የመሠረቱት የጥቁሮች ታሪክ ሙዚየም በ1968 የዱ ሳብልን ስም ያዘ።

መንግሥታዊ ዕውቅና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቤቱ የነበረበት ስፍራ በ1976 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ በ1987 የፖስታ ቴምብር ታተመለት፤ በ2010 ድልድዩ፣ በሰኔ 2021 ደግሞ የሐይቁን ዳር ተከትሎ የሚሄደው ታዋቂው አውራ ጎዳና በስሙ ተጠራ። ከ1933ቱ የቤት አምሳያ እስከ 2021ዱ ጎዳና 88 ዓመት አለፈ። ይህ ርዝመት የሚያሳየው ማስረጃው ደካማ እንደነበረ አይደለም፤ ማስረጃው በ1933ም በ2021ም ያው ነው። የተለወጠው ማስረጃውን የሚሰማው ጆሮ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች

በዚህ አቋም ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ አንድ ቤት ከተማ አይደለም የሚል ነው። በዚህ እይታ ቺካጎን ከተማ ያደረጓት የ1830ዎቹ የመሬት ነጋዴዎችና በ1848 የተከሰቱት ለውጦች ናቸው። በዚያ ዓመት 96 ማይል የሚረዝመው የኢሊኖይና ሚሺጋን ቦይ ተከፈተ፣ የንግድ ቦርዱ ተመሠረተ፣ ኦግደን የመራው የባቡር ኩባንያም የመጀመሪያውን ባቡር አንቀሳቀሰ። በ1840 የነዋሪዋ ቁጥር 4,470 የነበረው ቺካጎ በ1850 29,963፣ በ1870 ደግሞ 298,977 ነዋሪ ተቆጠረባት። ይህን ዕድገት የዱ ሳብል ዳቦ መጋገሪያ አላመጣውም።

ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። የቺካጎን ፍጥነት የሚያስረዱት ቦዩና የባቡር ሐዲዱ ናቸው። ነገር ግን ተቃውሞው ምሽጉንም አብሮ ይጥለዋል። አንድ ቤት ከተማ ካልሆነ፣ አንድ የጦር ሰፈርም ከተማ አይደለም፤ በ1804 ቤቱን የተረከበው ኪንዚም ቆርቋሪ ሊባል አይችልም። መለኪያው ቋሚ ኑሮ ከሆነ ደግሞ ቅድሚያው ቤቱን ለሠራው ነው። ከዚህም በላይ ቦዩ የተቆፈረው በዚያው የየብስ መተላለፊያ ነው፤ የዱ ሳብል ቤት ያደርገው የነበረውን ሥራ፣ ማለትም የአካባቢውን እህልና ሥጋ ከውኃ መንገድ ጋር ማገናኘትን፣ የ1848ቷ ቺካጎ በእጅግ ሰፊ መጠን አከናወነችው። በሁለቱ መካከል ያለው የመጠን እንጂ የዓይነት ልዩነት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወዲያኛው ወገን ይመጣል፤ ከዱ ሳብልም በፊት ሌሎች ነበሩ የሚል ነው። በ1696 የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት በአካባቢው ሚሲዮን ከፍተው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘግቷል። የነባር ሕዝቦች መንደሮችም ከሁሉም የቀደሙ ናቸው። ይህ ተቃውሞ ትክክል ነው፤ ስለዚህም ዱ ሳብል ሊሰጠው የሚገባው ማዕረግ በጥንቃቄ መነገር አለበት። እርሱ የመጀመሪያው ሰው አይደለም፤ በስፍራው ቋሚ ኑሮ የመሠረተ የመጀመሪያው ከነባር ሕዝቦች ውጭ የሆነ ሰው ነው። ይህ አነጋገር ከ«ቆርቋሪ» ያነሰ ቢመስልም ለመከላከል ይቀላል፤ ምክንያቱም ያረፈው በሰነድ ላይ ነው።

ጥንቃቄው በትውልድ ስፍራው ላይም ይሠራል። ዱ ሳብል የተወለደው በሄይቲ ነው የሚለው አሳብ በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው የጁልየት ኪንዚን የ1856 መጽሐፍ ተከትሎ ነው፤ የልደት መዝገብ አልተገኘለትም። በኋላ የተጨመሩት በፓሪስ ተምሯል የሚሉትና መሰል ትረካዎችም የማኅደር ድጋፍ የላቸውም። ወዳጆቹ በቅን ልቡና ያሰራጯቸው እነዚህ ትረካዎች ለተቃዋሚ ጥሩ መሣሪያ ይሆናሉ፤ አንዱ ሲፈርስ ሌላውም ተረት ነው ለማለት ይመቻሉና። ወፍጮው፣ ጎተራውና የልጅ ልጁ ልደት ግን ተረት አይደሉም። የሰውዬውን ክብር ለማጽናት ከዚህ ውጭ ጌጥ አያስፈልግም።

ከስም ለውጥ በኋላ የቀረው

አሁን ያለው አደጋ፣ ቺካጎ አንዱን ብቸኛ ጀግና አውርዳ ሌላ ብቸኛ ጀግና መስቀሏ ነው። የዱ ሳብል ኑሮ የተቻለው በጋብቻ ዝምድና ነው። ወታደር ባልነበረበት፣ የትኛውም መንግሥት በሙሉ ሥልጣን ባልገዛበት ስፍራ አንድ ነጋዴ ቤቱ ሳይቃጠል፣ ከብቱ ሳይዘረፍ ለዓመታት የኖረው ከፖታዋቶሚ ጋር ተዛምዶ ስለነበረ ነው። የኪቲሃዋ ወገኖች ባይቀበሉት ኖሮ ወፍጮውም ጎተራውም አይኖሩም ነበር። ስለዚህ ቤቱን የቆረቆረ ቤተሰብ ነው ማለት ከሰነዱ ጋር ይበልጥ ይስማማል፤ የድልድዩ ስም ግን የቤተሰቡን ግማሽ ብቻ ይጠራል።

የኪቲሃዋ ሕዝብ ዕጣም ከምዕራፎቹ ዝርዝር ውስጥ ተገቢ ቦታ አላገኘም። በነሐሴ 1833 ከተማዋ ታወቀች ተብሎ ሲጻፍ፣ በቀጣዩ ወር እዚያው ቺካጎ ውስጥ የተፈረመው ውል ብዙ ጊዜ በግርጌ ይቀራል። በዚህ ውል የፖታዋቶሚ፣ የኦጂብዌና የኦዳዋ ሕዝቦች አምስት ሚሊዮን ኤከር ገደማ መሬት ለቅቀው ከሚሲሲፒ ወንዝ ወዲያ ማዶ እንዲሄዱ ተወሰነ። በ1835 በመቶዎች የሚቆጠሩ ተዋጊዎች በከተማዋ መንገዶች የመጨረሻውን የጦርነት ጭፈራ አሳይተው አካባቢውን ለቀቁ። የከተማዋ ምሥረታና የነባሩ ሕዝብ መነቀል የአንድ ወረቀት ሁለት ገጾች ናቸው። ለውጥ ግን አልጠፋም፤ ለረጅም ጊዜ «ጭፍጨፋ» ሲባል የኖረው የ1812 ግጭት መታሰቢያ የሚሆን መናፈሻ በ2009 ሲሰየም የተመረጠው ቃል «ውጊያ» የሚለው ነው። አንድ ቃል መለወጡ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ ሌላኛው ወገንም የሚሟገትለት ምድር እንደነበረው ያምናል።

የጥቁር ነዋሪዎች ታሪክም በዱ ሳብል ተጀምሮ በዱ ሳብል አያልቅም። የኢሊኖይ ግዛት በ1853 ባወጣው ሕግ ከሌላ ግዛት የመጣ ጥቁር ሰው ከአሥር ቀን በላይ ቢቆይ በገንዘብ እንዲቀጣ ደነገገ፤ መክፈል ያልቻለ ሰው ጉልበቱ በጨረታ ይሸጥ ነበር። ዱ ሳብል ቤቱን ከሸጠ 53 ዓመት በኋላ የወጣው ይህ ሕግ በእርሱ ዘመን ቢኖር ኖሮ፣ ቺካጎ የመጀመሪያ ቋሚ ነዋሪዋን በአሥራ አንደኛው ቀን ለፍርድ ታቀርበው ነበር። ሕጉን የተዋጋው ደግሞ ሌላ የከተማዋ ሰው ነው። ጆን ጆንስ በ1845 ከባለቤቱ ከሜሪ ጋር ወደ ቺካጎ የመጣ ልብስ ሰፊ ሲሆን፣ የሁለቱ ቤት ከባርነት ለሚያመልጡ ሰዎች መጠለያ ነበር። ጆንስ በ1864 የጥቁሮችን መብት የሚገፉት ሕጎች እንዲሻሩ የሚጠይቅ ጽሑፍ አሳተመ፤ ሕጎቹ በ1865 ተሻሩ። በ1871ም የኩክ ካውንቲ ኮሚሽነር ሆኖ ተመረጠ። ከዱ ሳብል ወደ ጆንስ የሚወስደው መስመር ካልተሰመረ፣ የመጀመሪያው ስም ከታሪክ ይልቅ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የቀረበው ክርክር የቀድሞዎቹን ዓመታት ከዝርዝሩ ለመፋቅ አይደለም። 1803፣ 1830 እና 1837 በቦታቸው ይቆያሉ፤ ኦግደንም ኪንዚም የከተማዋ ታሪክ አካል ናቸው። የሚያስፈልገው የዝርዝሩን መነሻና የመምረጫውን መለኪያ ማስተካከል ነው። የቺካጎን ታሪክ የሚያስተምር መምህር ምሽጉን ከመጥራቱ በፊት የ1788ን ጋብቻ፣ የ1790ን የዱቄትና የጨርቅ ልውውጥ፣ የ1796ን ልደትና የ1800ን ውል ሊጠራ ይገባዋል፤ የ1833ን ከተማነት ሲያነሣም የዚያኑ ዓመት ውል አብሮ ሊያነሣ ይገባዋል። በድልድዩ ላይ ያሉት ቅርጾችም መነሣት የለባቸውም። የ1928ን አስተሳሰብ የሚያሳዩ ማስረጃዎች ናቸውና ባሉበት ቆመው፣ ጎደሎአቸውን የሚናገር ጽሑፍ ቢታከልላቸው ከመፍረሳቸው ይልቅ ያስተምራሉ።

ድልድዩ ዛሬ የሚያገናኘው ሁለት ዳርቻዎችን ነው። በደቡቡ ዳር የምሽጉ ቅጥር የነበረበት መስመር በእግረኛ መንገዱ ላይ በነሐስ ምልክት ተለይቷል፤ በሰሜኑ ዳር ወፍጮውና ዳቦ መጋገሪያው የነበሩበት ስፍራ አለ። በየቀኑ ከዳር እስከ ዳር የሚሻገረው ሕዝብ አብዛኛው ከሌላ ስፍራ መጥቶ በከተማዋ ቤት የሠራ፣ ወይም የእንዲህ ዓይነቱ ሰው ልጅ ነው። ልደቷን ከምሽግ የምትቆጥር ከተማ ለዚህ ሕዝብ ማን ጠባቂ፣ ማን ተጠባቂ እንደሆነ ትነግረዋለች። ልደቷን ከቤት የምትቆጥር ከተማ ግን ከሩቅ የመጣ ሰውና የምድሩ ባለቤት ልጅ ተጋብተው፣ አርሰውና ጋግረው፣ ለመንገደኛ ዳቦ ከሰጡበት ደጅ እንደተነሣች ትመሰክራለች። ሰነዱ የሚደግፈው ይህን ሁለተኛውን ምስክርነት ነው።